ተርፎ የቀረውን ማወቅ፦ ሊዮኒድ ካንቶሮቪችና የፕላን ሒሳብ

አንድ ድርጅት የዓመት ሥራውን ሲያቅድ አስቀድሞ የሚቆጥረው በእጁ ያለውን ሀብት ነው። ስንት መኪና፣ ስንት ሠራተኛ፣ ምን ያህል ጥሬ ዕቃ እንዳለው ይመዘግባል። ይሁን እንጂ ያለውን መቁጠር ብቻውን ዕቅድ አይሆንም። ከተቆጠረው ሀብት ውስጥ የትኛው ሥራውን አስሮ እንደሚይዝ፣ የትኛው ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላም ሳይነካ እንደሚቀር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ጤፍ በጎተራ ሞልቶ፣ ማገዶም በጓሮ ተከምሮ ምጣዷ አንዲት ብቻ ብትሆን፣ በቀን የሚጋገረውን እንጀራ ቁጥር የምትወስነው ምጣዷ እንጂ ጤፉ ወይም ማገዶው እንዳልሆነ ማንኛዋም ባለሙያ ሴት ታውቀዋለች። በዚያ ቤት ጤፍ መጨመር እንጀራ መጨመር አይደለም። ነገሩ በአንድ ምጣድ ሲሆን ግልጽ ነው። በሺህ መኪናዎችና በመቶ ዓይነት ጥሬ ዕቃ ሲሆን ግን ልምድና ግምት አይበቁትም፤ ሳይንስ ይሻል።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ከፋብሪካ ወለል አንሥቶ ወደ ሒሳብ ሳይንስ ደረጃ ያደረሰውን የሶቪየቱን ሊቅ፣ የሊዮኒድ ቪታሊዬቪች ካንቶሮቪችን ሕይወትና ሥራ ባጭሩ እናወሳለን። ሥራው ዛሬ መስመራዊ ፕሮግራሚንግ በመባል በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። እኛም ከዚህ ሰፊ ሳይንስ ውስጥ በተለይ አንዱን ነጥብ፣ ከገደብ ውስጥ ሳይነካ የሚቀረውን ተራፊ በሥዕል ፈልጎ የማግኘትን ጥበብ ለአንባቢያን ልናስረዳ እንሞክራለን። ምክንያቱም ይህ ትንሽ የሚመስል ነጥብ የሊቁን ሕይወት ለሃያ ዓመታት ያወከው የክርክር ማዕከል ነበርና ነው።

ከሒሳብ ሊቅነት ወደ ፋብሪካ

ካንቶሮቪች የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1912 በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ሐኪም ነበር። ሕፃንነቱ ያለፈው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1917ቱ አብዮትና እሱን ተከትሎ በመጣው የርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ሲሆን፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ በ1922 አባቱን በሞት አጣ። የተፈጥሮ ስጦታው ግን ገና በለጋ ዕድሜው ጎልቶ ታየ። በ1926፣ በአሥራ አራት ዓመቱ፣ የሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪ ሆነ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ትምህርቱን ጨረሰ፤ በ1934፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ፕሮፌሰር ተባለ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ቀርቦ መከራከር ሳያስፈልገው የዶክተርነት ማዕረግ ተሰጠው።

የመጀመሪያ ዘመኑ ምርምር ከፋብሪካ ጭስ እጅግ የራቀ ነበር። ረቂቅ በሆነው የሒሳብ ዘርፍ፣ ፈንክሽናል አናሊስስ በሚባለው ውስጥ፣ ስሙ በስፋት ታወቀ። በዚያው መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ስሙ በሊቃውንት ዘንድ ብቻ ተከብሮ በቀረ ነበር። አቅጣጫውን የለወጠው በ1938 የመጣ አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ ነው።

በዚያ ዓመት የኮምፔንሳቶ ኢንዱስትሪ ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች አንድ ችግር ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲው መጡ። ስምንት የግንድ መላጫ መኪናዎች አሉ፤ አምስት ዓይነት ግንድም አለ። እያንዳንዱ መኪና እያንዳንዱን የግንድ ዓይነት በተለያየ ፍጥነት ይልጣል። የአምስቱ ዓይነት ድርሻ በታዘዘው መጠን ሳይዛነፍ ጠቅላላው ምርት ከፍ እንዲል የትኛው መኪና የትኛውን ግንድ ለስንት ሰዓት ይላጥ? ጥያቄው ይህ ነበር። ለፋብሪካው ሰዎች የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው፤ ለሒሳብ ሊቁ ግን የዘመኑ መጻሕፍት መልስ ያልሰጡበት አዲስ ዓይነት ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። በተለመደው መንገድ ልፍታው ቢባል እጅግ ብዙ የእኩልታ ስብስቦችን አንድ በአንድ ማስላት ይጠይቃል፤ የዚያን ዘመን የእጅ ስሌት ደግሞ ይህን አይችለውም።

ካንቶሮቪች ወዲያው አንድ ነገር አስተዋለ። ችግሩ የኮምፔንሳቶ ብቻ አልነበረም። ሥራን ለመኪናዎች ማከፋፈል፣ ብረትን ወይም ቆዳን ብክነት ቀንሶ መቁረጥ፣ ጭነትን በባቡር መስመሮች መደልደል፣ መሬትን ለልዩ ልዩ ሰብሎች መመደብ፣ ነዳጅን በአግባቡ መጠቀም፣ ሁሉም አንድ መልክ አላቸው። በሁሉም ዘንድ የተወሰነ ሀብት አለ፤ ሊሠራ የሚችል ብዙ ዓይነት ሥራ አለ፤ ከሁሉ የሚሻለው አማራጭም ይፈለጋል። ይህንኑ ሐሳብ በ1939 የሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ አቀረበ። መጽሐፉ ምርትን በማደራጀትና በማቀድ ረገድ ስለሚያገለግሉ የሒሳብ ዘዴዎች የሚናገር ሲሆን፣ ዛሬ የመስመራዊ ፕሮግራሚንግ የመጀመሪያ ሰነድ ተብሎ ይቆጠራል።

ተራፊው በሥዕል ሲታይ

የዚህን ዘዴ ፍሬ ነገር ለመጨበጥ እንዲያመች፣ ከዚያው ከኮምፔንሳቶ ሥራ ሳንወጣ፣ ለማስረጃ ያህል ራሳችን ያዘጋጀነውን ትንሽ ምሳሌ እንመልከት። ስምንት መኪናና አምስት ዓይነት ግንድ በወረቀት ላይ አይሣልም፤ ሁለት ዓይነት ምርት ግን በሚገባ ይሣላል።

አንድ ፋብሪካ ሁለት ዓይነት ኮምፔንሳቶ ይሠራል እንበል፤ አንደኛው ለቤት ዕቃ፣ ሁለተኛው ለግንባታ ነው። የቤት ዕቃው ኮምፔንሳቶ አንድ ጥቅል 1 የመኪና ሰዓት፣ 1 ኪሎ ሙጫና 2 የተመረጡ ግንዶች ይፈጃል። የግንባታው ወፍራም ስለሆነ አንድ ጥቅሉ 1 የመኪና ሰዓት፣ 3 ኪሎ ሙጫ፣ ግን 1 የተመረጠ ግንድ ብቻ ይፈጃል። ፋብሪካው ያለው 40 የመኪና ሰዓት፣ 90 ኪሎ ሙጫና 70 የተመረጡ ግንዶች ነው። የቤት ዕቃው ጥቅል 3 ሩብል፣ የግንባታው ጥቅል 5 ሩብል ያስገኛል። ስንት ስንት ይሠራ?

በወረቀት ላይ አንድ አግዳሚና አንድ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር እንሥራ። በአግዳሚው ላይ የቤት ዕቃውን ጥቅሎች፣ በቋሚው ላይ የግንባታውን ጥቅሎች እንቁጠር። እያንዳንዱ ገደብ አንድ ቀጥተኛ መስመር ይሆናል። የመኪናው ሰዓት መስመር አግዳሚውን 40 ላይ፣ ቋሚውንም 40 ላይ ይነካል። የሙጫው መስመር አግዳሚውን 90 ላይ፣ ቋሚውን 30 ላይ፤ የግንዱ መስመር ደግሞ አግዳሚውን 35 ላይ፣ ቋሚውን 70 ላይ ይነካል። ከሦስቱም መስመሮች በታች የሚገኘው የጋራ ሜዳ ፋብሪካው ሊሠራው የሚችለው ሁሉ የሚገኝበት ነው። ከሜዳው ውጭ ያለ ነጥብ ቢያንስ አንድ ሀብት የሚጎድለው ምኞት ነው።

ይህ ሜዳ ማዕዘኖች አሉት። ከመነሻው ሌላ አራት እናገኛለን። የመጀመሪያው 35 የቤት ዕቃ ጥቅል ብቻ የሚሠራበት፣ ሁለተኛው 30 የቤት ዕቃና 10 የግንባታ፣ ሦስተኛው 15 የቤት ዕቃና 25 የግንባታ፣ አራተኛው 30 የግንባታ ጥቅል ብቻ የሚሠራበት ነው። ገቢያቸውን ብናሰላ በቅደም ተከተል 105፣ 140፣ 170 እና 150 ሩብል ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ከሁሉ የሚሻል ዕቅድ ካለ ከሜዳው ማዕዘኖች በአንዱ ላይ መገኘቱ የዚህ ሳይንስ መሠረታዊ እውነት ስለሆነ፣ በሜዳው መካከል ያሉትን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ነጥቦች አንድ በአንድ መመርመር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። የተመረጠው ማዕዘን፣ ማለትም 15 የቤት ዕቃና 25 የግንባታ ጥቅል፣ የቆመው በሁለት መስመሮች መገናኛ ላይ ነው። እነሱም የመኪናው ሰዓትና የሙጫው መስመሮች ናቸው። 15 እና 25 ሲደመሩ 40 ይሆናሉ፤ የመኪናው ሰዓት አልቋል። 15 እና 75 ኪሎ ሙጫ ሲደመሩ 90 ይሆናሉ፤ ሙጫውም አልቋል። እነዚህ ሁለቱ ዕቅዱን አስረው የያዙት አሳሪ ገደቦች ናቸው፤ ተራፊያቸውም ዜሮ ነው። የግንዱ መስመር ግን ከነጥባችን ራቅ ብሎ ይገኛል። ዕቅዱ የሚፈጀው 30 እና 25፣ በድምሩ 55 ግንድ ስለሆነ፣ ከ70ው ውስጥ 15 ግንድ ሳይነካ ይቀራል። የግንዱ ገደብ ተራፊ ይህ ነው።

ተራፊውን በሥዕሉ ላይ ያለ ብዙ ስሌት ማንበብ ይቻላል። ከተመረጠው ነጥብ ተነሥተን የግንዱን መስመር እስክንነካ ድረስ ቀጥ ብለን ወደ ላይ ብንወጣ 15 ደረጃ እንጓዛለን። ወደ ላይ የሚቆጠረው የግንባታ ጥቅል ስለሆነና እያንዳንዱ 1 ግንድ ስለሚፈጅ፣ ተራፊው 15 ግንድ ነው። በአግዳሚ ወደ ቀኝ ብንሄድ ደግሞ መስመሩን የምናገኘው ከ7 ተኩል ደረጃ በኋላ ነው። ወደ ቀኝ የሚቆጠረው የቤት ዕቃ ጥቅል ስለሆነና እያንዳንዱ 2 ግንድ ስለሚፈጅ፣ ያው 15 ግንድ ይመጣል። በየትኛውም አቅጣጫ ብንለካ መልሱ አንድ መሆኑ ለሥዕላችን ትክክለኛነት ማረጋገጫ ነው። ስለሆነም ደንቡ አጭር ነው፤ ነጥቡ በመስመሩ ላይ ካረፈ ተራፊ የለም፤ ከመስመሩ ወዲህ ከራቀ የርቀቱ ያህል ተራፊ አለ፤ መስመሩን አልፎ ከሄደ ደግሞ ያለው ተራፊ ሳይሆን ጉድለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር ማሳሰብ እንወዳለን። ግንዱ ተረፈ ማለት ግንድ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የቤት ዕቃው ጥቅል ዋጋ ከ3 ወደ 6 ሩብል ከፍ ቢል፣ የተሻለው ማዕዘን 30 የቤት ዕቃና 10 የግንባታ ጥቅል የሚሠራበት ይሆናል፤ ገቢውም 230 ሩብል ነው። በዚያ ማዕዘን 70ውም ግንድ ያልቃል፤ ሙጫው ግን 60 ኪሎ ብቻ ስለሚፈለግ 30 ኪሎ ይተርፋል። አሳሪው ተራፊ ሆነ፤ ተራፊውም አሳሪ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ተራፊነት በዕቃው ተፈጥሮ ላይ የተጻፈ ጠባይ አይደለም፤ ከዕቅዱ ጋር የሚመጣ፣ ከዕቅዱም ጋር የሚለወጥ ነገር ነው።

ዜሮ ዋጋና ያስነሣው ክርክር

ካንቶሮቪች ከሥዕል በላይ ሄዷል። ሦስትና ከዚያ በላይ ምርቶች ሲኖሩ ወረቀቱ ስለማይበቃ፣ ለእያንዳንዱ ገደብ አንድ መመዘኛ ቁጥር የሚሰጥ ዘዴ ፈጠረ። በእኛ ምሳሌ የመኪናው ሰዓት መመዘኛ 2 ሩብል፣ የሙጫው 1 ሩብል፣ የግንዱ ዜሮ ነው። ትርጉሙም ይህ ነው፤ አንድ ተጨማሪ የመኪና ሰዓት ቢገኝ ገቢው በ2 ሩብል፣ አንድ ኪሎ ሙጫ ቢጨመር በ1 ሩብል ከፍ ይላል፤ ግንድ ቢጨመር ግን ምንም አይጨምርም። አርባው ሰዓት በ2፣ ዘጠናው ኪሎ በ1 ሲባዙ 80 እና 90 ይሆናሉ፤ ድምራቸውም ልክ 170 ነው። የዕቅዱ ገቢ በሙሉ ከአሳሪዎቹ ሀብቶች መጣ፤ ተራፊው አንዳች ድርሻ የለውም።

ይህ መመዘኛ ግን የራሱ ክልል አለው። የመኪናው ሰዓት ከ40 እየጨመረ ሲሄድ ዕቅዱ ብዙ የቤት ዕቃ ኮምፔንሳቶ ስለሚሠራ የተረፈው ግንድ ቀስ በቀስ ይበላል። ሰዓቱ 46 ሲደርስ 24 የቤት ዕቃና 22 የግንባታ ጥቅል ይሠራሉ፤ 70ውም ግንድ አንድ ሳይቀር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ግንዱም ዋጋ ያወጣል። ተራፊውን አስቀድሞ ያልለካ አቃጅ ይህን መዞሪያ ሳያየው ያልፋል፤ መኪና ገዝቶ ግንድ ያጣል።

ለአንድ መሐንዲስ ይህ ሁሉ ግልጽ ስሌት ነው። በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት ለነበሩት የኢኮኖሚ ቀኖና ጠባቂዎች ግን አደገኛ ሐሳብ ሆኖ ታያቸው። ቀኖናው የዕቃ ዋጋ የሚመነጨው ከፈሰሰበት ጉልበት ነው ይል ነበር። ታዲያ የሰው ጉልበት የፈሰሰበት ግንድ ስለተረፈ ብቻ እንዴት ዜሮ ይመዘናል? የመኪና ሰዓትስ ስላጠረ ብቻ እንዴት ዋጋ ያወጣል? ተቃዋሚዎቹ ይህን እጥረትን የዋጋ ምንጭ ከሚያደርገው የምዕራቡ ትምህርት ጋር አንድ አድርገው ፈረጁት። ካንቶሮቪች በበኩሉ መመዘኛዎቹ ከገበያ ግርግር ሳይሆን ከራሱ ከፕላኑና ከተጨባጩ የምርት ሁኔታ የሚወጡ መሆናቸውን ለማስረዳት ጣረ፤ ስማቸውንም ሁኔታው በተጨባጭ የወሰናቸው መመዘኛዎች ብሎ ሰየማቸው። የሚሰማው ጆሮ ግን ቶሎ አላገኘም።

ጦርነትና የዝምታ ዓመታት

በ1941 የናዚ ጀርመን ጦር ሶቪየት ኅብረትን ሲወር ሌኒንግራድ ለረዥም ጊዜ በከበባ ውስጥ ወደቀች። ካንቶሮቪች በጦርነቱ ዓመታት በባሕር ኃይል የምህንድስና ትምህርት ቤት አስተማረ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ እንደሚያወሱት፣ ለተከበበችው ከተማ ምግብ የሚያመላልሱት መኪናዎች በላዶጋ ሐይቅ በረዶ ላይ ሲጓዙ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባውን ርቀት ከበረዶው ውፍረትና ከአየሩ ቅዝቃዜ ጋር አዛምዶ የማስላት ኃላፊነት ወድቆበት ነበር። በረዶው አሳሪ ገደብ ነበር። በዚህ ገደብ ላይ ተራፊ መተው ብክነት አይባልም፤ የሰው ሕይወት ዋስትና ነው። ተራፊን ማወቅ ማለት ሁልጊዜ ተራፊን ማጥፋት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚያው የጦርነት ወቅት፣ በ1942፣ ዘዴውን ከአንድ ፋብሪካ ወደ ጠቅላላው የሀገር ኢኮኖሚ የሚያሰፋ መጽሐፍ ጽፎ ጨረሰ። ሀብት እጅግ ባጠረበት፣ እያንዳንዱ ኪሎ ብረት በሚቆጠርበት ሰዓት ለሀገሩ የሚጠቅም መሆኑን አምኖ ለፕላን ባለሥልጣኖች አቀረበ። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። መጽሐፉም ሳይታተም ለአሥራ ሰባት ዓመታት ተቀመጠ። ደራሲው ወደ ንጹሕ ሒሳቡ ተመለሰ፤ በ1949 በሒሳብ ሥራው የስታሊን ሽልማት ተሰጠው። መንግሥት በአንድ እጁ የሸለመውን አእምሮ በሌላ እጁ ሥራ ፈት አድርጎ አስቀመጠው ማለት ይቻላል።

ፋብሪካን ግን ጨርሶ አልተወም። ከጦርነቱ በኋላ ቪክቶር ዛልጋለር ከተባለው የሒሳብ ሊቅ ጋር በመሆን በሌኒንግራድ በሚገኘው የየጎሮቭ የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ብረት በቁጠባ የሚቆረጥበትን ስሌት ሠራ፤ ሁለቱም በ1951 ስለዚሁ ሥራ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚህ ሥራ ጋር ተያይዞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ስሌቱ የብረቱን ቁርጥራጭ በብዙ ቀነሰ፤ ፋብሪካው ግን ለብረት ማቅለጫዎች የሚያስረክበው የቁርጥራጭ ብረት ኮታ ስለነበረው ያን ኮታ ሳያሟላ ቀረ። ቁጠባው ጥፋት ሆኖ ተመዘገበ።

ይህ ታሪክ ለሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የቁጥር ፕላን በነገሠበት ሥርዓት ውስጥ የፋብሪካ ኃላፊ ተራፊ አቅሙን የሚደብቅበት በቂ ምክንያት ነበረው። ዘንድሮ ያለኝን ሁሉ አሳይቼ ብሠራ የከርሞው ፕላን ከዘንድሮው ውጤት ላይ ተነሥቶ ከፍ ይልብኛል ብሎ ይሰጋል። በመሆኑም 70 ግንድ ያለው 55 አለኝ ይላል፤ 40 ሰዓት የሚሠራ መኪና 35 ይችላል ተብሎ ይመዘገባል። ማዕከሉ በተዛባ ቁጥር ሥዕሉን ሲሥል መስመሮቹ ሁሉ ያለ ቦታቸው ይሠመራሉ፤ ማዕዘኑም የተሳሳተ ማዕዘን ይሆናል። ትክክለኛ ስሌት ሐሰተኛ መረጃን አያድነውም። የካንቶሮቪች ዘዴ በሶቪየት ምድር በሙሉ ኃይሉ ያልሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ዘዴው ተራፊን ገላጭ ሲሆን ሥርዓቱ ግን ተራፊን የሚደብቀውን ይጠቅም ነበር።

ዕውቅናና ፍጻሜ

በሌላው የዓለም ክፍል ተመሳሳይ ጥያቄዎች በራሳቸው መንገድ መልስ ያገኙ ነበር። በአሜሪካ የኔዘርላንድስ ተወላጁ ቻሊንግ ኮፕማንስ የጭነት መርከቦችን ድልድል ሲያጠና፣ ጆርጅ ዳንቲግ ደግሞ በ1947 ከሜዳው አንድ ማዕዘን ወደ ተሻለው ማዕዘን እየተሸጋገረ መልሱን የሚያገኘውን ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ አወጣ። በዚህም ዘዴ ተራፊ ትልቅ ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱ ገደብ ተራፊውን የሚወክል ተጨማሪ ቁጥር በማስገባት ከዚህ አይበልጥም የሚለው ገደብ ወደ እኩልታ ይለወጣል። በእኛ ምሳሌ የተሠራበት ግንድና የተረፈው ግንድ ሲደመሩ 70 ይሆናሉ ብሎ እንደ መጻፍ ነው።

በሶቪየት ኅብረትም ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነፋሱ ተለወጠ። ካንቶሮቪች በ1958 የሳይንስ አካዳሚ ተባባሪ አባል ሆነ። የ1942ቱ መጽሐፍም ተስፋፍቶ፣ ሀብትን ከሁሉ በተሻለ መንገድ ስለ መጠቀም የሚያስረዳ የኢኮኖሚ ስሌት ሆኖ በ1959 ታተመ። በ1960 የ1939ኙ አነስተኛ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በምዕራቡ ዓለም ሲወጣ፣ የዘዴው ቀዳሚ ማን እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። በዚያው ዓመት ወደ ኖቮሲቢርስክ ተዛውሮ በሳይቤሪያው የሳይንስ አካዳሚ ቅርንጫፍ ወጣት ተመራማሪዎችን አሠለጠነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የታክሲ ታሪፍ ሲሻሻል የሒሳብ ባለሙያዎቹ ምክር ተሰምቶ ነበር፤ የመነሻ ክፍያ ተጨምሮ የኪሎ ሜትሩ ዋጋ ዝቅ በማለቱ አጫጭር ጉዞዎች ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም የሚያዋጡ ሆኑ። በ1964 ሙሉ የአካዳሚ አባል ሆነ፤ በ1965 ከቫሲሊ ኔምቺኖቭና ከቪክቶር ኖቮዢሎቭ ጋር የሌኒን ሽልማት ተቀበለ። በ1975 ደግሞ ከኮፕማንስ ጋር ሀብትን በተሻለ መንገድ ስለ መደልደል ላበረከቱት አስተዋጽኦ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከሶቪየት ዜጎች መካከል ይህን ሽልማት በኢኮኖሚክስ ያገኘ እሱ ብቻ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑን በሞስኮ በምርምርና በማስተማር አሳልፎ ኤፕሪል 7 ቀን 1986 በሰባ አራት ዓመቱ ዐረፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ሊያገለግላት የደከመላት ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። ያንን ሰፊ የማዕከላዊ ፕላን መሥሪያ ቤት ዛሬ የሚያስታውሱት መዛግብት ናቸው። ዘዴው ግን ከሥርዓቱ ጋር አልተቀበረም። ነዳጅ የሚያጣሩ ፋብሪካዎች፣ የአየር መንገዶችና የጭነት ድርጅቶች በሺህ የሚቆጠሩ ገደቦችን በኮምፒዩተር እያስገቡ የትኛው እንደሚያስር፣ የትኛው እንደሚተርፍ በየዕለቱ ያሰላሉ። በትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች ሁለት መስመር አሥምረው፣ ማዕዘኑን ፈልገው፣ ርቀቱን ለክተው ተራፊውን ያወጣሉ።

ከዚህ ሊቅ ሕይወት የምንማረው ታዲያ ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ትምህርቱ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው የስሌት ነው፤ ሀብት ባለበት ሁሉ እኩል አይመዘንም፤ ጥረት መዋል ያለበት አስሮ በያዘን ነገር ላይ እንጂ ተርፎ በተከመረው ላይ አይደለም። ስላጠረን ነገር ሳይሆን ስለሞላን ነገር ተጨማሪ በጀት የምንጠይቅ ከሆነ፣ ጤፍ ሞልቶ ሳለ ምጣድ ሳንገዛ ጤፍ እንደምንሸምት ሰዎች እንሆናለን። ሁለተኛው ገጽታ የእውነተኛነት ነው፤ ተራፊ የሚታየው መስመሮቹ በሐቅ ከተሠመሩ ብቻ ነው። ያለውን ደብቆ የሚያቅድ ሌላውን ከማታለሉ በፊት የራሱን ዓይን ያሳውራል።

ካንቶሮቪች ለፕላን ባለሥልጣኖች ያቀረበው ሐሳብ ለአሥራ ሰባት ዓመታት በመሳቢያ ውስጥ የቆየው ሀገሪቱ የተሻለ ስሌት ተርፏት አልነበረም። እጅግ ያጠራትን ነገር እንደ ተራፊ ቆጥራው ነው። ከገደቦች ሁሉ ከባዱም፣ በማንኛውም ሥዕል ላይ ሳይሠመር የሚቀረው፣ አዲስ ሐሳብን ለመስማት ፈቃደኛ ያለመሆን ገደብ መሆኑን የዚህ ሰው ሕይወት አሳይቶናል።